ራሱን ያሳደደው ሰው፦ ያኪማ ካነት እና የሆሊዉድ ጀግና አካል

የጆን ፎርድ «ስቴጅኮች» በ1939 ለእይታ ከበቃ ወዲህ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ፊልሙ ብዙ ተጽፏል። የሐያስያኑ ክርክር ግን በአመዛኙ በሁለት ሰዎች ዙሪያ የሚሽከረከር ነው፤ በአዘጋጁ በፎርድ እና በዚህ ፊልም ከርካሽ የካውቦይ ፊልም ተዋናይነት ወደ ኮከብነት በተሸጋገረው በጆን ዌይን። የማሳደድ ትዕይንቱን አስተውሎ ለሚያይ ግን ሦስተኛ ሰው አለ። ፊቱ ለተመልካች እንዳይለይ ሆን ተብሎ ተደብቋል። በተዋናዮች ምትክ አደገኛ ትዕይንቶችን የሚሠራው ስታንትማን ያኪማ ካነት ነው። ስለ እሱ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የጀብዱ ወግ ነው፤ ከየት ዘለለ፣ ስንት አጥንቱ ተሰበረ፣ እንዴት ተረፈ። እኔ ካነትን ማንበብ የምፈልገው ከዚህ በተለየ መንገድ ነው። ዌይን የምንለውን የስክሪን ሰው ከፈጠሩት አንዱ እሱ ነውና፣ ሥራው የድፍረት ሳይሆን የድርሰት ሥራ ተደርጎ ሊታይ ይገባል።

ትዕይንቱን ቀረብ ብለን እንየው። መንገደኞቹን የያዘችውን ሠረገላ የሚጎትቱት ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ረድፍ የተጠመዱ ስድስት ፈረሶች ናቸው። ቀረጻው የተካሄደው ፊልሙን ባስከበረው በመኑመንት ሸለቆ ሳይሆን በካሊፎርኒያ፣ ሉሰርን በሚባል የደረቀ ሐይቅ ሜዳ ላይ ነው። አንድ የአፓቼ ተዋጊ እየጋለበ ይደርስና ከፈረሱ ላይ ወደ ፊተኞቹ ጥንድ ፈረሶች ይዘላል። ሪንጎ ኪድ፣ ማለትም ዌይን፣ ይተኩስበታል። ተዋጊው በሁለቱ ፈረሶች መካከል ይወድቅና የሠረገላውን ዘንግ እንደ ጨበጠ መሬት ለመሬት ይጎተታል። ሪንጎ ይደግመዋል። ሰውየው እጁን ይለቃል፤ የቀሩት ፈረሶች በግራና በቀኙ፣ ሠረገላዋም በላዩ ታልፋለች። ካሜራው ግን አይቆርጥም። ሠረገላዋ ካለፈች በኋላ የተመታው ሰው አቧራው ውስጥ ተገላብጦ ለመነሣት ሲሞክር ይታያል።

ይህችን የመጨረሻ እንቅስቃሴ ታሪኩ አይፈልጋትም። ሁለት ጊዜ የተመታ፣ ፈረስና ሠረገላ ያለፈበት ሰው ሞቶ ቢቀር ለድራማው ይበቃ ነበር። እንቅስቃሴዋ የምታገለግለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ የወደቀው በገለባ የተሞላ አሻንጉሊት ሳይሆን ሕያው ሰው መሆኑን ታረጋግጣለች። ሠዓሊ ሸራው ጥግ ላይ እንደሚፈርመው ካነትም በገላው ፈርሟል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስሙ በማይጻፍበት ፊልም ውስጥ የሚገኝ ብቸኛ ፊርማውም ይኸው ነው።

ትዕይንቱ በዚህ አያበቃም። ጥቂት ቆይቶ ነጂው ይቆስልና ልጓሙ ከእጁ ያመልጣል። ሪንጎ ከሠረገላዋ ወደ ፈረሶቹ ይወርዳል፤ ከኋለኛው ጥንድ ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ፊተኛው እየዘለለ ይሄዳል። ይህም ዌይን አይደለም፣ ካነት ነው። ቅድም አፓቼ ሆኖ በሪንጎ ጥይት የወደቀው ሰው አሁን ሪንጎ ሆኖ ሠረገላዋን ያድናል። ገዳይና ሟች፣ አዳኝና አጥቂ በአንድ ገላ ላይ ተገናኝተዋል። ፊልሙ ጀግናውንና ጠላቱን ለመለየት ያን ያህል የሚደክምባቸው ሁለት ወገኖች በቀረጻው ሜዳ ላይ አንድ ደመወዝተኛ ነበሩ።

ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ካነትና ዌይን የተገናኙት በ1932 «ዘ ሻዶው ኦቭ ዘ ኢግል» በተባለው ተከታታይ ፊልም ላይ ሲሆን፣ በቀጣዮቹ ዓመታት በጥቂት ቀናትና በጥቂት ገንዘብ በሚሠሩ በርካታ የካውቦይ ፊልሞች አብረው ተሰልፈዋል። በእነዚህ ፊልሞች ካነት ብዙ ጊዜ ወንበዴውን ይጫወታል፤ ዌይን ከፈረስ መዝለል ሲኖርበት ደግሞ ልብሱን ቀይሮ ዌይንን ይሆናል። በአንዱ ቀረጻ ይሸሻል፣ በሌላው ያሳድዳል፤ ኤዲተሩ ሲቀጥላቸው ካነት ራሱን ሲያባርር ይውላል። የቡጢ ፍልሚያውም ከዚሁ የመጣ ነው። ቡጢው ፊት ሳይነካ እንዲያልፍና ካሜራው በትክክለኛው ማዕዘን ቆሞ እንደ ተመታ አድርጎ እንዲያሳይ ሁለቱ ከአዘጋጁ ከሮበርት ብራድበሪ ጋር ያዳበሩት ዘዴ ዛሬም ድረስ የፊልም ጠብ መሠረት ነው። የዌይን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ሌላ ነገር ያክላሉ። ያ ዳሌውን ሰበቅ አድርጎ የሚራመደው ረጅም ሰው፣ ቃላቱን ሳይቸኩል ጎተት የሚያደርገው ተናጋሪ፣ አብዛኛውን የቀዳው ከካነት ነው። ይህ እውነት ከሆነ፣ እውነትም ይመስለኛል፣ «ምትክ» የሚለው ስያሜ ተገልብጧል። ማን የማን ምትክ ነበር?

ካነት በ1895 በዋሽንግተን ግዛት፣ በኮልፋክስ አቅራቢያ ሲወለድ ስሙ ኢኖስ ነበር። ያኪማ የሚለው ቅጽል በኦሪገን የፔንድልተን የፈረስ ግልቢያ ውድድር ላይ አንድ ጋዜጣ ፎቶግራፉ ሥር በስሕተት ያተመው ነው። ከከብት እርባታ ወጥቶ የሮዲዮ ሻምፒዮን ሆነ። በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ዋና ተዋናይ ሆኖ «ዘ ዴቪል ሆርስ»ን (1926) የመሰሉ ፊልሞችን ሠርቷል። ይሁን እንጂ በባሕር ኃይል ሳለ የያዘው ኢንፍሉዌንዛ ድምፁን አበላሽቶት ነበር፤ ፊልም መናገር ሲጀምር የኮከብነት በሩ ተዘጋበት። ዐሥር ዓመት ያህል ፊቱን ያየው ተመልካች ከዚያ በኋላ በአመዛኙ ጀርባውን ያይ ጀመር።

ለዚህ ለውጥ የድምፅ ጉዳይ ብቻ በቂ ማብራሪያ አይደለም። በድምፅ አልባው ዘመን በስተር ኪተን በ«ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» (1928) የቤት ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ሲወድቅበት በመስኮቱ ክፍተት የሚተርፈው ራሱ ኪተን ነው፤ ሳቁም ድንጋጤውም የሚመነጨው ከዚህ ነው። በ1930ዎቹ ስቱዲዮዎቹ እንደ ፋብሪካ ሲደራጁ ግን ኮከብ ማለት ኢንሹራንስ የተገባለት ንብረት ሆነ። እግሩ ከተሰበረ መቶ ሠራተኛ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ስለዚህ የጀግናው አካል ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ፊትና ድምፅ፣ ሌላው ጀርባና አጥንት። ለመጀመሪያው ስም ይጻፍለታል፣ ለሁለተኛው የቀን ሒሳብ ይከፈለዋል። የካነት ታሪክ የዚህ የሥራ ክፍፍል ታሪክ ነው።

«ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚለው የነቢይ መኮንን ትርጉም ስካርሌትን የሚያውቃት የእኛ አንባቢ፣ ከመጽሐፉ ተሠርቶ በዚያው በ1939 የወጣውን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ሲያይ ይህንኑ ክፍፍል ያገኘዋል። አትላንታ ስትቃጠል በእሳቱ መካከል ጋሪውን የሚነዳው ሬት በትለር፣ በሩቅ በሚታይባቸው ቀረጻዎች፣ ክላርክ ጌብል ሳይሆን ካነት ነው። ኋላ ደግሞ ድልድዩ ላይ የስካርሌትን ጋሪ አስቁሞ የሚያጠቃት ሰው ካነት ነው፤ ያኔ ፊቱ ይታያል። ከእሳት ያወጣት ሰው ድልድይ ላይ ጠብቆ ያጠቃታል፤ እሷ ግን አታውቀውም፣ ተመልካቹም እንዲሁ።

ካነት ሞትን የሚንቅ ጀብደኛ አልነበረም። የአፓቼውን መውደቅ ከ«ስቴጅኮች» በፊት በ1937 በ«ራይደርስ ኦቭ ዘ ዶውን» ሞክሮታል። በግራና በቀኝ ፈረሶች መካከል የሚኖረውን ስፋት አስቀድሞ ያስተካክላል፤ ፈረሶቹ በሙሉ ኃይላቸው እንዲጋልቡ ይጠይቃል። ለማያውቅ ሰው ዝግ ቢሉ የሚሻል ይመስላል፤ ካነት ግን የሚፈራው ዝግ ያለውን ፈረስ ነበር፤ በፍጥነት የሚጋልብ ፈረስ ቀጥ ብሎ ይሄዳልና። እሱ ደግሞ እግሩንና ክንዱን ሰብስቦ ቀጥ ብሎ መተኛት ብቻ ነበረበት። ሠረገላዋ ወንዝ የምትሻገርበትን ትዕይንት የፈቱትም በጎንና በጎኗ ግንዶች አስረው እንድትንሳፈፍ በማድረግ ነው፤ ይህም የእሱ ሐሳብ ነበር። ከአፓቼው ውድቀት በኋላ ካነት ካሜራዎቹ በሚገባ ቀርጸውት እንደ ሆነ ሲጠይቅ፣ ፎርድ ባይቀርጹትም እንኳ እንደማይደግመው መለሰለት ይባላል። ስሌቱ የካነት፣ ፍርሃቱ የፎርድ ነበር ማለት ነው። የተያዘ እግር ከኮርቻ እንዲላቀቅ የሚያደርግ እርካብ፣ ፈረሶቹን ከሚገለበጥ ጋሪ የሚፈታ ማያያዣ፤ ካነት ለሙያው ያተረፈው እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን ነው።

ምስጋና ብቻ ከጻፍኩ ግን ሒስ አይሆንም። የካነት ደኅንነት ለሰው እንጂ ለፈረስ አልነበረም። በዘመኑ «ራኒንግ ደብሊው» የሚባል ዘዴ ነበር፤ የፈረሱ የፊት እግሮች በሽቦ ይታሰራሉ፣ ሽቦው መሬት ውስጥ ከተቀበረ ነገር ጋር ይያያዛል፣ ፈረሱ በሙሉ ግልቢያ ላይ ሳለ ሽቦው ሲያልቅ ተፈንግሎ ይወድቃል። ካነትም ይጠቀምበት ነበር። በ1936 «ዘ ቻርጅ ኦቭ ዘ ላይት ብሪጌድ» ቀረጻ ላይ በርካታ ፈረሶች አለቁ፤ በ1939 «ጄሲ ጄምስ» ላይ ፈረስ ከገደል ወደ ውኃ ተወርውሮ ሞተ፤ ሕዝብ ተቆጣ፤ ከ1940 ጀምሮ የእንስሳት ደኅንነት ታዛቢዎች ወደ ቀረጻ ሜዳ መግባት ጀመሩ። ካነትን ያደነቅንበትን የማሳደድ ትዕይንት ስናይ የሚወድቁትን ፈረሶችም ማየት አለብን።

አፓቼውስ? ቆዳውን ቀብቶ የወደቀው ነጭ ነው። ፊልሙ በናቫሆ ምድር፣ በመኑመንት ሸለቆ፣ የናቫሆ ሰዎችን በጅምላ ለማጀቢያ አሰልፎ፣ ሊታወስ የሚችለውን ብቸኛ «ህንዳዊ» ሞት ግን ለካነት ሰጠው። ይህ ልማድ ሆሊዉድ ውስጥ ለዐሥርተ ዓመታት ቀጠለ፤ ለጥቁር ተዋንያን ምትክ የሚሆኑት ፊታቸውን በቀለም ያጠቆሩ ነጮች ነበሩ፤ ለሴቶች ደግሞ ሰው ሠራሽ ፀጉር ያጠለቁ ወንዶች። የጥቁር ስታንትማኖች ማኅበር በ1967 የተመሠረተው ይህን ለመቃወም ነው። አደጋ መጋፈጥም እንጀራ ነው፤ ያንን እንጀራም ተነፍገው ነበር።

ገላው ሲደክም ካነት ወደ ካሜራው ኋላ ተሻገረ። በ1940 በ«ቡም ታውን» ጌብልን ተክቶ ሲሠራ ፈረስ ወድቆበት ውስጣዊ ጉዳት አግኝቶት ነበር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰበሩ። ከዚያ ወዲህ የድርጊት ትዕይንቶችን ለብቻው የሚቀርጸው የሁለተኛው ቡድን ዳይሬክተር ሆነ። ትልቁ ሥራው ሮም ውስጥ በቺኔቺታ ስቱዲዮ ከአንድሩ ማርተን ጋር ያዘጋጀው የ«ቤን ሐር» (1959) የሠረገላ ውድድር ነው፤ ዘጠኝ ሠረገላዎች፣ እያንዳንዳቸው አራት ፈረስ። ዋናውን ተዋናይ ቻርልተን ሄስተንን መንዳት ያስተማረው እሱ ነው። ውድድሩ ላይ ሰው ሞቷል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። የሆነው ሌላ ነው፤ ሄስተንን ተክቶ ሲነዳ የነበረው የካነት ልጅ ጆ፣ የተሰባበረ ሠረገላ ላይ ሲዘል ከቆመበት ተፈናጥሮ ወደ ፊት ተወረወረ። ዘንጉን ይዞ ተረፈ፤ አገጩ ብቻ ተቆረጠ። አዘጋጁ ዊልያም ዋይለር አደጋውን አልጣለውም፤ ሄስተን ተመልሶ ሲወጣ የሚያሳይ ቀረጻ ጨምሮበት ፊልሙ ውስጥ አስቀረው። የአባትየው ዘዴ በልጁ ገላ ላይ ተደገመ፤ የወደቀው ካነት፣ የተነሣው ኮከብ።

«ቤን ሐር» ዐሥራ አንድ ኦስካር ሲወስድ ለስታንት የተመደበ ሽልማት አልነበረም። ካነት በ1967 የክብር ኦስካር ተሰጠው፤ ምክንያቱም ለስታንትማንነት ሥራውና የሙያ ባልደረቦቹን የሚጠብቁ መሣሪያዎች በማዳበሩ እንደ ሆነ ተገለጸ። በ1986 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፈ። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ለስታንት ንድፍ መደበኛ ሽልማት እንደሚሰጥ ያስታወቀው በ2025 ሲሆን፣ ሽልማቱ በ2027 ለሚወጡ ፊልሞች በ2028 ሥነ ሥርዓት ይጀመራል። ይህም «ስቴጅኮች» ከወጣ ከ89 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።