ተሳቢ የሚጎትት አሮጌ ፒክአፕና የማርሽ አያያዝ

ጀኔራል ሞተርስ በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ4 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ 700አር4፣ በብዙ የቼቭሮሌት ፒክአፖች ላይ ተገጥሟል። ይህ ካምቢዮ ማርሽ የሚቀይረው በሁለት ነገር ተመርቶ ነው፦ በመኪናው ፍጥነትና በነዳጅ ፔዳሉ አረጋገጥ። ከኋላ ሁለት ቶን የሚመዝን ተሳቢ መቀጠሉን አያውቅም፤ ፊት ለፊት ያለው ዳገት ይሁን ቁልቁለት አይታየውም። ይህን ማየትና ቀድሞ ማርሽ መምረጥ የሹፌሩ ሥራ ነው።

ዳገት ላይ ችግሩ የሚታወቀው ካምቢዮው በ3ኛና በ4ኛ ማርሽ መካከል ሲመላለስ ነው። 4ኛው፣ ማለትም ኦቨርድራይቩ፣ ሬሾው 0.70 ስለሆነ ለሜዳ እንጂ ለጭነት አይሆንም። በየምልልሱ ፍሪሲዮኖቹ ይፋተጋሉ፤ ቶርክ ኮንቨርተሩም መቆለፊያው እየተለቀቀ ዘይቱን ያግለዋል። ካምቢዮን ቶሎ የሚጨርሰው ይህ ሙቀት ነው። ስለዚህ ዳገቱ ሳይጀመር ማንሻው 3 ላይ ይደረጋል። በ2,000 ዙር ይሄድ የነበረው ሞተር ወደ 2,860 ገደማ ይወጣል። ጩኸቱ ቢያሳስብም ጤናማ ሞተርን አይጎዳም።

ቁልቁለት ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ከዴንቨር በስተምዕራብ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ከዚያ ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው አውራ ጎዳና እስከ 7 በመቶ ያዘቀዝቃል፤ ፍሬን ለከዳቸው የጭነት መኪኖችም ማምለጫ መንገድ ተሠርቶለታል። እንዲህ ባለ ቦታ ማንሻው ኦቨርድራይቭ ላይ ሆኖ እግር ከነዳጅ ሲነሳ፣ ካምቢዮው ጭነት የሌለ ይመስለውና ወደ 4ኛ ይወጣል። ሞተሩ መኪናውን የመያዝ አቅሙ ይሟሽሻል፤ ክብደቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል።

ብዙ ሹፌሮች የማያስተውሉት ሌላ ነገርም አለ። ማንሻው ኦቨርድራይቭ ላይ እያለ በዝቅተኛ ማርሾች ኃይል የሚተላለፈው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚይዝ ክላች በኩል ነው። ጎማው ሞተሩን መግፋት ሲጀምር ይህ ክላች ይለቃል፤ መኪናው በፎሌ እንደሚወርድ ይንደረደራል። ማንሻው በእጅ ወደ 3 ወይም ወደ 2 ሲወርድ ግን ተጨማሪ ፍሪሲዮን ይይዝና ሞተሩ መኪናውን ያግተዋል።

አወራረዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ3ኛ 2,800 ዙር የሚዞር ሞተር በዚያው ፍጥነት ወደ 2ኛ ቢወርድ 4,560 ገደማ ይደርሳል፤ መንገዱ እርጥብ ከሆነ የኋላ ጎማዎች ሊንሸራተቱና ተሳቢው ሊታጠፍ ይችላል። መጀመሪያ በፍሬን ፍጥነት ይቀነሳል፣ ከዚያ ማርሹ ይወርዳል። ፍሬኑም ጠንከር ተደርጎ ለአጭር ጊዜ ይረገጣል፣ ይለቀቃል፤ እግር ላዩ ላይ ከዋለ ይግላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ካምቢዮው ጤነኛ ሲሆን ነው። በ700አር4 ላይ ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ካቦ የዘይቱንም ግፊት ይወስናል፤ ከላላ ግፊቱ ይወርድና ፍሪሲዮኖቹ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ዘይቱም ተሳቢ ከመቀጠሉ በፊት በመለኪያ ዘንግ ይታያል፦ ቀይነቱ ጠፍቶ ጠቁሮ፣ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ፣ ካምቢዮው በባለሙያ ሳይመረመር ጭነት አይጫንበትም።