የጣና ዓሣና የጀማ ውኃ፦ የፍሎሪን ውሁዶች በአንድ ሚዛን ይመዘናሉን?

እ.ኤ.አ. በ2016 ሉትዝ አሬንስና የኢትዮጵያና የስዊድን ባልደረቦቻቸው «ኬሞስፌር» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት፣ የማይበሰብሱ የፍሎሪን ውሁዶችን በጣና ሐይቅ ውኃ፣ ደለልና ዓሣ ውስጥ በመለካቱ ሊመሰገን ይገባዋል። የውሁዶቹ ድምር በአማካይ በሊትር ውኃ 2.9 ናኖግራም፣ በግራም የዓሣ ሥጋ ደግሞ 1.2 ናኖግራም ነበር። ጥያቄ የሚያስነሳው ልኬቱ ሳይሆን ትርጓሜው ነው፤ ዓሣ ተመጋቢው ጉዳት እንደማይደርስበት የተገመተው በፒኤፍኦኤስ ብቻ ተሰልቶ ነውና። አጥኚዎቹ ራሳቸው የድብልቁ መርዛማነት ወደፊት ሊታይ እንደሚገባ ማመልከታቸው ግን ሊዘነጋ አይገባም።

እነዚህ ውሁዶች በስምጥ ሸለቆ ጥርስ ከሚያበልዘው ፍሎራይድ ጋር መምታታት የለባቸውም። አከርካሪያቸው የካርቦን ሰንሰለት ሲሆን በሃይድሮጅን ቦታ ፍሎሪን ገብቶበታል፤ ይህን ማሰሪያ ጉበት ሊሰብረው አይችልም። ልዩነታቸው በሰንሰለቱ ርዝመትና በጫፉ ላይ ነው። አራት ካርቦን ያለው ፒኤፍቢኤ በቀናት ውስጥ በሽንት ሲወጣ፣ ስምንት ካርቦን ያለው ፒኤፍኦኤ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከአልቡሚን ጋር ይያያዛል፣ ኩላሊትም መልሶ ይመጠዋል። ጫፉ ሰልፎኔት ሲሆን ቆይታው ይረዝማል። ሆኖም ነገሩ ቀጥተኛ መስመር አይደለም። በስዊድን ሮነቢ የተበከለ ውኃ ይጠጡ በነበሩ ሰዎች ላይ ስምንት ካርቦን ያለው ፒኤፍኦኤስ 3.4 ዓመት ሲፈጅ፣ ስድስት ካርቦን ብቻ ያለው ፒኤፍኤችኤክስኤስ 5.3 ዓመት ፈጅቷል። ስለዚህ «አጭሩ አይጎዳም» ማለት አያስኬድም።

ጥናቱ ከታተመ ወዲህ ሚዛኑም ተለውጧል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2008 ለፒኤፍኦኤስ የወሰነው ገደብ በቀን በኪሎ ክብደት 150 ናኖግራም ነበር፤ በ2020 ግን ለአራት ውሁዶች ድምር በሳምንት 4.4 ናኖግራም አደረገው። መነሻውም ሕፃናት ለክትባት የሚሰጡት የመከላከል ምላሽ መዳከሙ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ በሳምንት 264 ናኖግራም ሲሆን፣ 200 ግራም የጣና ዓሣ በአማካይ 240 ናኖግራም ይይዛል። የጣናው ድምር ከአራቱ ውጭ ያሉትንም ስለሚጨምር ንጽጽሩ ሊጋነን ይችላል፤ ቢሆንም የቀድሞውን መተማመን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ2023 ፒኤፍኦኤ ለሰው ካንሰር አምጪ ተብሎ መመደቡም የፒኤፍኦኤስን ስሌት ብቻውን በቂ እንዳይሆን ያደርገዋል።

ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ የጤና ባለሙያ የጣና ውጤት ሌላም ጉድለት አለው። ወንጪት የሚገባበት ጀማ ዓባይን የሚቀላቀለው ከጣና እጅግ ርቆ በታችኛው በኩል ነው፤ የደጋው ሰው ኑሮም በገብስና በበግ እንጂ በዓሣ አይደለም። በነፋስ የሚጓዙ ፍሎሪን ያለባቸው አልኮሎች በአየር ላይ ወደ አሲድነት ተለውጠው በዝናብ ስለሚወርዱ፣ ፋብሪካ የሌለበት ከፍታም ከዚህ ውጭ ነው ማለት አይቻልም። በዚያ ሊለካ የሚገባው የምንጭ ውኃና የበግ ጉበት ነው፤ ረጃጅሞቹ በጉበት ይከማቻሉና። ውጤቱም በአንድ ድምር ሳይሆን እያንዳንዱ ውሁድ በሰንሰለቱና በጫፉ ተለይቶ ሊቀርብ ይገባል።