የመቅደላ ዕቃዎችና የመዳሰስ ትምህርት በአብያተ መዘክር

ቤተ መዘክር ዕቃ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጦ የሚታይበት ቤት ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ዛሬ ብዙዎቹ አብያተ መዘክር ለሕዝብ ንግግር ያዘጋጃሉ፤ ለተማሪዎች ልዩ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ጐብኚውም ዕቃውን ወይም አምሳያውን ዳስሶና ሠርቶ እንዲማር ያደርጋሉ። የዚህ አሠራር ጥቅም አያከራክርም፤ እጅ የያዘውን ልብ ቶሎ አይረሳውምና። ዳሩ ግን በቅኝ ገዥዎች ዘመን በጦር ኃይል ከሌላ አገር የተወሰዱ ዕቃዎችን በያዘ ቤት ውስጥ ይህ ትምህርት አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ እንዲዳሰስ የሚፈቅደው ማን ነው? የሚዳስሰውስ ማን ነው? ኢትዮጵያ ለእንግሊዝ ባትገዛም፣ ጥያቄውን ለመመርመር የመቅደላ ነገር ጉልህ ምሳሌ ነው።

ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በመቅደላ አምባ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የግምጃ ቤቱንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ንብረት ዘረፈ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ከወረደ በኋላ በሐራጅ ተሸጠ። ከሠራዊቱ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆምስ ከገዢዎቹ አንዱ ነበረ፤ ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍትም ለዚያው ቤተ መዘክር ደረሱ። እንግዲህ በዚህ ዘመቻ ቤተ መዘክሩ ቅርሱን ኋላ የተቀበለ ባዕድ ሳይሆን በሐራጁ ሜዳ የተገኘ ወገን ነው።

በ2010 ዓ.ም. የለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር የዘመቻውን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ያቀረበው ትርኢት ሊመሰገንበት የሚገባ ነገር አለው። የወርቅ ዘውዱን፣ የወርቅ ጽዋውንና የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባለውን ቀሚስ ሲያሳይ ዕቃዎቹ በምን ሁኔታ እንደ ተወሰዱ አልሸሸገም፤ በለንደን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንም አማክሯል። ነገር ግን የቤተ መዘክሩ ዋና ኀላፊ በዚያው ጊዜ ያቀረቡት ሐሳብ ቅርሶቹ ለረዥም ጊዜ በውሰት እንዲሰጡ ነበር። ውሰት ባለቤትነትን ከተዋሹ ሳይሆን ከአዋሹ ዘንድ የሚያጸና ቃል ነው። ስለዚህ ትርኢቱ በጽሑፍ ያመነውን በሐሳቡ መልሶ ነሣ። ትምህርቱም በዚህ ጐደለ፤ የለንደን ተማሪ ዘውዱን አይቶ ስለ ዘረፋው ሲማር፣ የመካነ ሰላም ተማሪ ስለ ዘረፋው ብቻ ተምሮ ዘውዱን ሳያይ ቀረ።

የብሪቲሽ ሙዚየም ጉዳይ ከዚህ የጠለቀ ነው። በዚህ ቤት ጐብኚዎች እውነተኛ ጥንታዊ ዕቃዎችን በእጃቸው ይዘው የሚማሩባቸው ጠረጴዛዎች አሉ። በዚያው ቤት 11 የኢትዮጵያ ታቦታት ለሕዝብ ሳይታዩ፣ የቤቱ ሠራተኞች እንኳ ሳያዩአቸው በዝግ ክፍል ይኖራሉ። ይህ የተደረገው የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ለማክበር ነውና መልካም ነው። ሆኖም አክብሮቱ እስከ ደጃፉ ብቻ የሚሄድ ነው። የማይታይ፣ የማይጠና፣ የማይዳሰስ ነገር ለቤተ መዘክር ምን ይጠቅማል? እንዳይሰጥ የሚያግደው የ1963 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሕግ ነው ቢባልም፣ ሕግ የያዙትን ማስቀመጥ ይፈቅዳል እንጂ ያልተማሩበትን ትምህርት አያደርገውም። በኢትዮጵያ የዳሰሳ ሥርዓት አለ፤ ታቦትን ከካህን በቀር ማንም አይነካም፤ ብራናን ግን ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ይገልጣል፤ ቆዳውን ዘፍዝፎ፣ ወጥሮና ፍቆ ብራና ማውጣትን፣ ቀለም መበጥበጥን፣ መቃ ብዕር መቅረጽንም በእጁ እየሠራ ይማራል። ስለዚህ ዐዲስ የተባለው የመዳሰስ ትምህርት በዚህ ምድር ዐዲስ አይደለም፤ የጐደለው መጻሕፍቱ ናቸው።

አንዳንዶች ቅርሱ ቢመለስ አይጠበቅም ይላሉ፤ የደሴው ቤተ መዘክር በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ መዘረፉን ይጠቅሳሉ። ጉዳቱ እውነትና ከባድ ነው። ይሁን እንጂ የመቅደላውም ጥፋት በጦርነት የመጣ ነውና፣ የጦርነት ስጋት የዘራፊን ይዞታ የሚያጸድቅ ከሆነ በመጀመሪያ የሚከሰሰው እርሱ ራሱ ነው። ደግሞም መመለስ የሚቻል መሆኑ ታይቷል። በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ ወደ ኢትዮጵያ በመጡ ጊዜ የዐፄ ቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ሰጥተዋል፤ በ2011 ዓ.ም. የእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር የንጉሠ ነገሥቱን ጠጉር አስረክቧል።

መቅደላ ላይ የቀረ አንድ ትልቅ ዕቃ አለ፤ ጋፋት ላይ ቀልጦ የተሠራውና በሰው ኃይል እየተጐተተ እስከዚያ የደረሰው የሴባስቶፖል መድፍ። ወደ አምባው የወጣ ሁሉ በእጁ ይዳስሰዋል፤ ለመሸከም ስለ ከበደ ከሐራጁ ተርፏልና። የዚህን መድፍ ብረት የዳሰሰ ተማሪ የጥበቡን ታላቅነትና የጉዞውን ድካም ያለ መስተዋትና ያለ ማብራሪያ ይረዳል። የአብያተ መዘክሩ የሕዝብ ትምህርት ፍሬ እንዲያፈራ ከተፈለገ ሥራው ከዚህ መጀመር ይገባዋል። የተወሰዱት መጻሕፍት ወደ አገራቸው እስኪገቡ ድረስ ሙሉ ፎቶግራፋቸው በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ይቀመጥ፤ የብራና ሠሪዎችና የአብነት መምህራን ከተማሪዎች ጋር ይሥሩበት። ይህ ግን የመመለስ መንገድ እንጂ የመመለስ ምትክ እንዳይሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አምሳያን ያስተማረ ዋናውን ይዞ ቢቀር፣ ያስተማረው የገዛ ራሱን በደል ነውና።