የካርኔጊ መጽሐፍ ሸማ ተራ ሲደርስ

መርካቶ ሱቅ ያለው ዘመድ ካላችሁ ይህን ሳታዩት አልቀራችሁም። ማታ ሱቁን ይዘጋል፤ ጥቂት ራመድ ይልና «ቆጣሪውን አጥፍቻለሁ?» ብሎ ይመለሳል። ያያል፤ ጠፍቷል። እፎይ! ታክሲው ጋ ሲደርስ ግን ልቡ እንደገና ድው ድው ይላል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ አካባቢ የተነሳው ቃጠሎ የስንቱን ነጋዴ ንብረት እንደበላ ያየ ሰው ደግሞ ይህን ዘመዳችሁን «አጉል ፈሪ» ለማለት አይደፍርም።

አንድ ታዋቂ መጽሐፍ በዚህ ሰው ዓይን እናንብብ። አሜሪካዊው ዴል ካርኔጊ እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው፣ መጨነቅ ትቶ መኖር ስለመጀመር የሚያወራው መጽሐፍ ነው። ዛሬ «አነቃቂ» የምንላቸው መጻሕፍት ሁሉ ከሱ ሳይበደሩ አልቀሩም፤ ብዙዎቹ መበደራቸውን አይናገሩም እንጂ።

መጀመሪያ ጥሩ ጎኑን ልናገር። ካርኔጊ ልጅ ሳለ መብረቅ ይመታኛል፣ በሕይወቴ እቀበራለሁ ብሎ ይፈራ እንደነበር ይነግረናል። ካደገ በኋላ ግን «ይህ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ተማረ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመሠረተው የአስተሳሰብ ሕክምናም የፈራነውን ነገር ከማስረጃ ጋር እንድናስተያይ ያደርገናል። ሳይንቲስት ያልሆነው ካርኔጊ እዚህ ላይ ቀድሞ ደርሷል።

ችግሩ ቀመሩ ወደ መርካቶ ሲመጣ ነው። መጽሐፉ በጣም የሚኮራበት ታሪክ የአየር ማቀዝቀዣ መሐንዲሱ የዊሊስ ካሪየር ነው። ካሪየር ለአንድ የመስታወት ፋብሪካ የተከለው መሣሪያ እንደታሰበው አልሠራም፤ 20,000 ዶላር ሊከስር ሆነ። እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ሦስት ነገር አደረገ፤ የከፋው ምን እንደሆነ አሰበ፣ ያንን ለመቀበል ራሱን አዘጋጀ፣ ከዚያ ተረጋግቶ ኪሳራውን ለመቀነስ ሠራ። መጨረሻ ላይ ጭራሽ አተረፈ።

ቆይ ግን፣ ገንዘቡ የማን ነበር? የቀጣሪው ድርጅት! ካሪየር የከፋው ቢመጣ ሥራውን ሊያጣ ይችላል፤ መሐንዲስ ነውና ሌላ ያገኛል። ኢንሹራንስ የሌለው፣ ዕቃውን በዱቤ ያወጣ፣ የዕቁብ ዕዳ ያለበት ነጋዴ «የከፋውን ተቀበል» ሲባል ምን ይቀበል? ዕድሉንም ቁጠር ብትሉት ቃጠሎ እንደ መብረቅ ብርቅ ነገር አይደለም፤ የጎረቤቱን ሱቅ ሲነድ አይቷል። እዚህ ላይ ካርኔጊ ሁለት ነገር ያምታታል። አንደኛው በእጅ የሚሠራ ችግር ነው፤ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ኢንሹራንስ። ይህ ሐሳብ ሳይሆን ሥራ ነው የሚፈልገው። ሁለተኛው ይህ ሁሉ ተሠርቶም ሌሊት የሚመላለሰው «ምናልባትስ?» ነው። የሚደጋገም ጭንቀት ማለት እሱ ነው።

ለዚህኛው መጽሐፉ የሚሰጠው መድኃኒት «ሥራ ይብዛባችሁ» የሚል ነው። እኔ በጣም የምከራከረው በዚህ ነው። ሥራ ቀኑን ያስረሳል፣ እውነት ነው፤ መርካቶን የሚያህል ሥራ የሚበዛበት ቦታ ደግሞ የት አለ? ጭንቀቱ ግን ሱቁ ሲዘጋ ይጠብቃል። ምክንያቱም ቆጣሪውን ተመልሶ ማየትም ሆነ ራስን በሥራ መጥመድ አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ፈጣን እፎይታ ይሰጣል፣ አንጎላችን ደግሞ እፎይታ የሰጠውን ነገር ይደግማል። ባልመለስስ ኖሮ ጭንቀቱ በራሱ ይበርድ እንደነበር ለመማር ዕድል አያገኝም። ሕክምናው ይህን ዕድል መስጠት ነው፤ ቆጣሪውን አንዴ አይቶ መሄድ፣ ልብ ድው ድው ሲል ሳይመለሱ መቆየት፣ ነገም መድገም። ያማል፤ ግን ይሠራል።

«ዘላቂ» የሚለውን ቃልም እንጠይቀው። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ውሾቹን ደወል ሲሰሙ ምራቃቸው እንዲመጣ አስለመዳቸው፤ ቀጥሎ ያለ ምግብ ደወሉን እየደጋገመ አስረሳቸው። ትንሽ ዕረፍት ከሰጣቸው በኋላ ደወሉ ሲጮህ ምራቁ ተመልሶ መጣ! ማርክ ቡተን የተባለ ተመራማሪ ከዓመታት በኋላ እንዳሳየው ደግሞ፣ አንድ ቦታ የከሰመ ፍርሃት ቦታው ሲቀየር ሊመለስ ይችላል። አሮጌው ትምህርት አልተፋቀም፤ አዲስ ትምህርት ላዩ ላይ ተጻፈ እንጂ። ስለዚህ ዘመዳችሁ ሱቁ ላይ ቢለማመድና ቢድን፣ አዲስ መጋዘን ሲከራይ ጭንቀቱ ብቅ ቢልበት አልወደቀም። እዚያም መለማመድ ነው። ካርኔጊ «ድል አደረግሁ» የሚሉ ሰዎችን ደብዳቤ ይደረድርልናል፤ ሞክረው ያልተሳካላቸው ሰዎች ግን ደብዳቤ አይጽፉም፣ ቢጽፉም አይታተምላቸውም።

አንድ ነገር መጽሐፉ ጨርሶ አይሸፍንም። ጭንቀቱ አብዛኛውን ቀን ይዞ 6 ወር ከዘለቀ፣ እንቅልፍና ሥራ ከነሳ፣ ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ300 ሚሊዮን በላይ ሰው የጭንቀት ሕመም እንደነበረበት ገምቷል፤ ሕክምና የሚያገኘው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። አማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታል ያለው እዚያው አዲስ ከተማ፣ ከመርካቶ ብዙም ሳይርቅ ነው። እኛ ግን «አማኑኤል ግባ» የሚለውን ስድብ አደረግነው፤ በሰፈሩ ላይ እየተመላለሰ ዕቃ የሚያራግፍ ሰው በሩን ማንኳኳት ያፍራል። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ ሐኪሙ የሰጠውን መድኃኒት ግን በራሱ አያቋርጥ።

መጽሐፉን እጃችሁ ካስገባችሁት ስለ ዕድል ስሌት የሚያወራውን ምዕራፍ አንብቡት፤ የካሪየርንም አንብቡ፣ ገንዘቡ የማን እንደነበር እያሰባችሁ። ራስን በሥራ ስለ መጥመድ የሚለውን ዝለሉት።