የስሕተቱ መጠን

ኢትዮጵያ ሰዓቷን በየዓመቱ ወደፊትና ወደኋላ አታዛውርም። ለምሳሌ የኢንጅባራና የዳንግላ ከተሞች ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆኑ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ ነው፤ ማዛወሩ የሚያተርፈው ነገር የለም። ይሁን እንጂ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መባቻ፣ ከአንድ እሑድ በኋላ፣ ማንም ሳይነካው አንድ ሰዓት ቀድሞ የሚገኝ የቢሮ ኮምፒውተር አይጠፋም።

መንስኤው የሰዓት ቀጠናው ነው። ዊንዶውስ ሲጫን ቀጠናው በአሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ ላይ ሊቀር ይችላል። ጫኙ ይህን ትቶ ሰዓቱን ብቻ በእጁ ካስተካከለ ማሳያው ለወራት ትክክል ይመስላል። አሜሪካ ግን ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ በማርች ሁለተኛ እሑድ አንድ ሰዓት ትጨምራለች፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ትቀንሳለች፤ ኮምፒውተሩም አብሮ ይዘላል። ኢንተርኔት አግኝቶ ሰዓቱን ከመረብ ሲወስድ ደግሞ 11 ሰዓት፣ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት 10 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ልምድ ያለው ጠጋኝ ሰዓቱን ከመንካቱ በፊት ስንት እንደተዛባ ይቆጥራል፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቁጥሩ ይታወቃል።

በዊንዶውስ ዝርዝር ለኢትዮጵያ የሚመረጠው ናይሮቢ ነው። «ሦስት ሰዓት ጭማሪ» የሚለውን ብቻ አይቶ ሞስኮን መምረጥ ያስታል፦ ሩሲያ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ሰዓቷን ታዛውር ስለነበር፣ ማሻሻያ ያልተጫነበት አሮጌ ዊንዶውስ 7 ያንን የተሻረ ደንብ ዛሬም ይከተላል። ኬንያ እንዲህ ያለ ጣጣ የላትም።

ስድስት ሰዓት የዘገየ ኮምፒውተር ረፋድ 4 ሰዓት ላይ 4:00 ተብሎ የተሞላ ነው። አሞላሉ ለአገሬው ሰው የሚጠበቅ ነው፤ ማሽኑ ግን ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥር 10:00 ይፈልጋል። የሦስት ሰዓት ልዩነት ሲታይ ሊኑክስና ዊንዶውስ በአንድ ማሽን ላይ አሉ ማለት ይቻላል፤ አንዱ የውስጡን ሰዓት በዓለም አቀፉ፣ ሌላው በአካባቢው ሰዓት ያነባል።

መብራት በጠፋ ቁጥር ዓመታት ወደኋላ የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ አልቋል። ባትሪው ተቀይሮ ዓመቱ ሲሞላ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መግባት የለበትም፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የቀረ ኮምፒውተር የድረ ገጾችን የደኅንነት ማረጋገጫ ገና ጊዜው እንዳልደረሰ ቆጥሮ ኢሜይልም ሆነ የባንክ ገጽ አልከፍትም ይላል።