«ጥይት»፣ «አረር» እና «ቀለሃ»፤ በአደን ጽሑፎች ትርጉም ላይ የቀረበ ትችት

በአማርኛ የጦር መሣሪያ ስሞች መካከል የ«ጥይት»ን ያህል ሸክም የበዛበት ቃል ማግኘት ያዳግታል። ጠመንጃ የሚጎርሰውም ሙሉ ዕቃ፣ ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚበረውም ቁራጭ ብረት በአንድነት «ጥይት» ይባላሉ። በዜና አጻጻፍ ይኸ ጉዳት የለውም፤ «ጥይት መታው» ሲባል የመታው የጥይቱ የትኛው ክፍል እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለምና። ጉዳቱ የሚታየው ጽሑፉ ስለ ጥይት ምርጫ የሚናገር በሆነ ጊዜ ነው።

በአሜሪካ ስለ ዋላ አደን የሚጻፈው ጽሑፍ አብዛኛው የሚከራከረው በዚሁ ምርጫ ላይ ነው። ከ300 ወይም ከ400 ሜትር ርቀት ላይ እንስሳውን ሳያሠቃይ የሚገድለው የትኛው ጥይት ነው? ክርክሩን ለመከተል አንባቢው ሁለት ነገሮችን ለይቶ መያዝ አለበት። አንደኛው ባሩዱን የያዘው ቀለሃ ነው፤ ባሩዱ በበዛ መጠን መነሻው ፍጥነት ይጨምራል። ሁለተኛው በአየር ውስጥ የሚጓዘው አረር ነው፤ ረዥምና ሹል በሆነ መጠን ፍጥነቱን ቶሎ አያጣም፤ ነፋስም ብዙ አይገፋውም። እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው .270 ዊንቸስተር 130 ግሬይን የሚመዝን አረሩን በሰከንድ 930 ሜትር ያህል ሲልክ፣ በ2007 የወጣው 6.5 ክሪድሙር 140 ግሬይን የሚመዝነውን በ820 ሜትር ገደማ ይልካል። ሆኖም የኋለኛው ወገን ጠበቆች የቆሙበት መከራከሪያ አረሩ ቀጭንና ረዥም ስለ ሆነ በሩቅ ቦታ የቀረለት ፍጥነት ከመነሻው ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው የሚል ነው። ተርጓሚው ሁለቱንም «ጥይት» ካለ «ፈጣኑ ጥይት ከዘገምተኛው ጥይት ቀድሞ ይዘገያል» የሚል እንቆቅልሽ ለአንባቢው ያስረክባል፤ ክርክሩም ይጠፋል።

ነገሩ ከግልጽነት አልፎ የደኅንነት ጉዳይም ይሆናል። የ.308 ዊንቸስተርና የ.30-06 ስፕሪንግፊልድ አረሮች ስፋት አንድ ነው፤ ሁለቱም 7.82 ሚሊሜትር ናቸው። ቀለሃቸው ግን ይለያያል፤ የፊተኛው 51፣ የኋለኛው 63 ሚሊሜትር ይረዝማል። ስለዚህ «ሁለቱ ጠመንጃዎች አንድ ዐይነት አረር ይተኩሳሉ» ማለት እውነት ሲሆን፣ «አንድ ዐይነት ጥይት ይተኩሳሉ» ማለት ሐሰት ነው። ከዚህ የባሰም አለ። በ2011 ደረጃ የወጣለት .300 ብላክአውት የተሠራው የ.223 ሬሚንግተንን ቀለሃ በማሳጠር ስለ ሆነ ጥይቱ በ.223 ጠመንጃ ሊጎርስ ይችላል፤ አረሩ ግን ከአፈሙዙ የውስጥ ስፋት እጅግ የሚበልጥ ነው። እንዲህ ጎርሶ የተተኮሰ ጠመንጃ በተኳሹ ፊት ይፈነዳል። ይኸን ማስጠንቀቂያ በአንድ ቃል ብቻ መተርጐም አይቻልም።

«ታዲያ አረር ለምን? ሕዝቡ እርሳስ ይል የለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በግዕዝ «ዐረር» ራሱ የማዕድኑ ስም ነበር፤ በዛሬው አማርኛ ግን ማዕድኑ «እርሳስ» ስለ ተባለ «አረር» ለሚበረው ነገር ነጻ ሆኖ ቀርቶልናል። የካሊፎርኒያ ግዛት ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ የዱር እንስሳትን እርሳስ ባለበት ጥይት ማደንን ከልክሏል፤ አዳኞችም ከመዳብ የተሠራውን መያዝ ጀምረዋል። ይኸን ሕግ የሚተረጕም ሰው «እርሳስ የሌለበት እርሳስ» ከማለት የሚያድነው «አረር» ብቻ ነው። ቃሉ የፉከራ ሽታ አለው የሚሉን አሉ፤ እኛ ግን በሥራ ላይ ሲውል ሽታው ይለቃል ብለን እናምናለን።

ቁጥሮቹም ተርጓሚውን የሚያሳስቱ ናቸው። በ.30-06 ውስጥ 06 የሚያመለክተው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ጥይቱን የተቀበለበትን 1906ን እንጂ መለኪያን አይደለም። በ.30-30 ዊንቸስተር ግን ሁለተኛው 30 መጀመሪያ የተሞላበት የባሩድ ክብደት ነው። .270 የሚባለውም ቢለካ አረሩ .277 ኢንች ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ እነዚህ ስሞች ናቸው፤ ወደ ሚሊሜትር ሊለወጡ አይገባም። «ግሬይን» ደግሞ 64.8 ሚሊግራም የሚመዝን መለኪያ ስለ ሆነ «ቅንጣት» ወይም «ፍሬ» ቢባል አንባቢው የባሩድ ፍሬ ቈጥሮ ያድራል። «ካሊበር»ም የአፈሙዝ የውስጥ ስፋት ብቻ እንጂ የጥይት ዐይነት አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው ይኸን ስለሚያደባልቁ ተርጓሚው ስሕተታቸውን አብሮ መተርጐም አይጠበቅበትም።

በመጨረሻ የታዳኙ ስም አለ። ብዙ ተርጓሚ ለአሜሪካው እንስሳ «አጋዘን» ይላል። በኢትዮጵያ ግን አጋዘን ቀንዱን የማይጥል ሌላ ወገን ነው፤ ወንዱ የደጋ አጋዘን ከ180 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። ባለ ነጭ ጭራው የአሜሪካ እንስሳ በየዓመቱ ቀንዱን የሚጥል ሲሆን፣ ወንዱ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 130 ኪሎ ቢሆን ነው። ለዚህኛው በቂ ነው የተባለ ጥይት ለዚያኛው በቂ ነው ተብሎ እንዲነበብ ማድረግ እንስሳ አቍስሎ ጫካ መስደድ ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የምናውቀው «ዋላ» በአገራችን ለሚገኝ እንስሳ የጸና ስም ስላልሆነ ለዚህ ወገን ቢሰጥ ማንንም አያፈናቅልም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ለሙሉው ዕቃ «ጥይት»፣ ለሚበረው «አረር»፣ ባሩዱን ለሚይዘው «ቀለሃ»፣ ለአፈሙዝ ስፋት «ካሊበር» ይጽኑ፤ የጥይት ስሞች እንዳሉ ይቀመጡ፤ ከግሬይን አጠገብ ግራሙ ይጻፍ። ከእነዚህ መካከል አንድም አዲስ የተፈጠረ ቃል የለም። የጐደለው ቃል አልነበረም፤ የጐደለው ያሉትን እያንዳንዳቸውን በየቦታቸው ማዋል ነው።