ሸለቆውና ባለቤቱ

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአውሮፓ የተስፋፋው ሮማንቲክ የሥዕል ፈለግ ተራራንና ሸለቆን ከጌጥነት አውጥቶ የስሜት መግለጫ አደረጋቸው። ጀርመናዊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪኽ በ1824 እና በ1825 (እ.ኤ.አ.) የሣለው «ቫትስማን» ለዚህ ምስክር ነው። በረዶ የለበሰው ተራራ ከሰማይ ይገናኛል፤ ሰው ግን አንድም የለበትም። ሠዓሊው ያን ተራራ በዓይኑ አላየውም፤ መነሻው ተማሪው የነደፈው ምስል ነበር። የሣለውም ከተራራው ይልቅ ስለ ተራራው የተሰማውን ነው።

ይህ አመለካከት ወደ አገራችንም ዘልቋል። ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ፣ ሻምበል ሃሪስ የመራውን የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ተከትሎ ከ1841 እስከ 1843 (እ.ኤ.አ.) በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋ ቆየ፤ ሥራዎቹም በ1852 ታተሙ። በርናትዝ ያላየውን አልሣለም፤ የአዋሽን በረሃ አቋርጦ ዳገቱን ወጥቷል። ፎቶግራፍ ሸዋ ባልደረሰበት ዘመን የተሠሩ በመሆናቸውም የሥዕሎቹ የታሪክ ዋጋ ከፍተኛ ነው።

ይሁን እንጂ በመልክዓ ምድር ሥዕሎቹ ሰው በአመዛኙ የተራራው ከፍታ መለኪያ ሆኖ ይቀራል። ቡድኑ የመጣው የንግድ ውል ፍለጋ ነበር፤ ለመንገደኛ ደግሞ ሸለቆ ታይቶ የሚታለፍ ነገር ነው።

በርናትዝ በቆላ የተሻገረው አዋሽ የሚነሣው እዚሁ ጊንጪ አጠገብ ነው። የዚህ አገር ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ቋጥሮ ይጨቀያል፤ በጋ ይሰነጠቃል። ገበሬው ቦይ እያወጣ ውሃውን ያጠነፍፋል፤ በክረምቱ ጤፉን፣ ዝናሙ ሲያባራ ሽምብራውንና ጓያውን ይዘራል። እንግዲህ በዚህ ሜዳ ላይ ሠዓሊው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት መስመሩን ያሰመረ፣ ቀለሙንም የከፋፈለ እጅ አለ።

የሚያሳዝነው ይህ እጅ በሥዕሎቻችን ብዙ ጊዜ አለመታየቱ ነው። በየቡና ቤቱና በየመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ የተሰቀለው የባዕድ በረዶና ጥድ ነው፤ ሥዕል የሚለማመደው ወጣትም ያንኑ ይገለብጣል። በዚህ ዓይነት በገዛ ቀየው ላይ መንገደኛ ይሆናል።

ይህን ስንል ከሮማንቲኮቹ የምንማረው የለም ማለታችን አይደለም። ስለ ብርሃን፣ ስለ ርቀትና ስለ ጉም ብዙ ያስተምሩናል። ነገር ግን የሥዕል መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ማሳው ዳር ይውሰዷቸው። ጉሙን የሚስል ተማሪ ከጉሙ በታች ምን እንደተዘራ፣ ማንስ እንደዘራው ጠይቆ ይሣል።